ኮሙናሉ ቅዳሜ ዝግ ነው

ነይ ማኅደርዬ፣ ወዲህ ነይ። እዚያ አትቀመጪ፣ ያንጠባጥባል። እኔ ጋ ጠጋ በይ... እንዲህ። ጃንጥላሽን እግርሽ ሥር አድርጊው። ልጆቹ ደኅና ናቸው? ትንሿን ጉንፋኑ ለቀቃት? ምን ይደረግ፣ ሐምሌ ነው። ሰሚት ደግሞ ዝናቡ ብቻውን አይመጣም፣ ነፋሱንም አስከትሎ ነው። ቆይ፣ ወንበሩን በነጠላሽ አትጥረጊው፣ ይኸው ጨርቅ። የእድሩ ዕቃ በኔ እጅ ስለሆነ ሌላ ባጣ ጨርቅ አላጣም።

አንቺ ለሰፈሩ አዲስ ነሽና፣ ሁልጊዜ እንዲህ መኪና ማቆሚያ ላይ ሸራ ወጥረን የምናለቅስ እንዳይመስልሽ። እስቲ ቀና በይ። ያ ፊት ለፊታችን ያለው ሰፊ ቤት፣ መስታወቱ የሚያበራው... እሱ ኮሙናላችን ነው። ነበር ልበል እንጂ። ኮንዶሚኒየሙ ሲሠራ ለነዋሪው ተብሎ አብሮ የተሠራ ቤት ነው። ለቅሶ ሲሆን እዚያ እንቀመጣለን፣ ሠርግ ሲሆን እዚያ እንጨፍራለን፣ ለበዓል ቅርጫችንን እዚያ እንከፋፈላለን። ወለሉን ሴራሚክ ያለበስነው እኛው ነን። አሁን ግን የወረዳው አገልግሎት መስጫ ሆኗል። ምነው፣ ሰው ብቻ ነው እንዴ የሚሾመው? ቤትም ይሾማል! ከተሾመ ወዲህ ደግሞ እኛን አያውቀንም።

ውስጡ ይታይሻል? ወንበሩ በሰልፍ ተደርድሯል። ደረቅ ነው። ቅዳሜ ስለሆነ አንድ ሰው የለበትም። መብራቱ ግን በርቷል፣ ወንበሮቹ ጨለማ እንዳይፈሩ ይሆናል። እኛ እዚህ ጭቃ ላይ መቀመጣችንስ ምን አለበት? ለጤና ጥሩ ነው፣ ንጹሕ አየር እናገኛለን።

ኧረ ወደ ኋላ አትዙሪ! አዎ፣ ከኋላችን ሰው አለ። መሐል ላይ፣ ሸራው በማያፈስበት ቦታ፣ ጥቁር ካፖርት የለበሱት... አትዪ አልኩሽ እኮ። ስለሳቸው አይደለም የማወራሽ፤ ለቅሶ ቤት ተቀምጬ ሰው አላማም። እኔ የማወራሽ ስለ አንድ ሌላ ሰው ነው። ስማቸውም አያስፈልግሽም። እዚሁ ብሎካችን ላይ የሚኖሩ፣ ወረዳው ውስጥ ትልቅ ወንበር ያላቸው፣ የኮሙናሉ ቁልፍ ኪሳቸው ውስጥ የሚያድር አንድ ሰው አሉ እንበል... እንበል ነው ያልኩት።

እንዴት ያሉ ጨዋ መሰሉሽ! ድምፃቸው ከፍ ብሎ ተሰምቶ አያውቅም። ሲከለክሉሽ እንኳ የፈቀዱልሽ ነው የሚመስልሽ። አመስግነሻቸው ትወጫለሽ፣ ደረጃው ጋ ስትደርሺ ነው ባዶ እጅሽን መሆንሽ የሚገባሽ። ይሄ ተሰጥኦ ካልሆነ ምን ይባላል?

ቤቱን የወሰዱ ጊዜም ሰብስበው አወያይተውናል። በግድ ወሰዱት የሚልሽ ካለ ውሸቱን ነው! ለሁላችንም የታሸገ ውኃ ታድሎናል። «ይህ ቤት የማን ነው?» ብለው ጠየቁን። «የሕዝብ!» አልን። «ወረዳውስ የማን ነው?» አሉ። «የሕዝብ!» አልን። «እንግዲህ ከሕዝብ ለሕዝብ ነው» አሉና አጨበጨቡ። እኛም አጨበጨብን። ውኃችንን ጠጥተን ስንወጣ ቤት አልነበረንም። እንደዚህ ያለ አንደበት ታውቂያለሽ? እኔ ሻጭ ብሆን እሳቸውን ነበር የምቀጥረው። ደግሞ «ለጊዜው ነው» ብለውናል። ውሸት የለበትም። በዚህ ምድር ላይ ለጊዜው ያልሆነ ምን አለ? አባባ ቢቂላስ ለጊዜው አልነበሩም?

አባባ ቢቂላን አላወቅሻቸውም አይደል? አራተኛ ፎቅ፣ በረንዳው ላይ በባልዲ ቃሪያ የተተከለበት፣ የሳቸው ቤት ነው። ይሄ አሁን የተቀመጥንበት እስከ አስፋልቱ ድረስ የሳቸው የጤፍ ማሳ ነበር። ጎጇቸው የት እንደነበረ ልንገርሽ? ልክ ኮሙናሉ የቆመበት ቦታ ላይ። እዚያ ነው የተወለዱት፤ እማማ ደሪቱንም አግብተው ያስገቡት እዚያው ነው። ለቅሶ በተቀመጥን ቁጥር ጥጋቸውን ይይዙና «አንቺ አሁን የተቀመጥሽው ከጥጆቼ ጋር ነው» ይሉናል፣ ሐዘኑን ረስተን እንስቃለን። «እኔም ስሞት በዚሁ በር አውጡኝ፤ ከቤቴ ወጣሁ ማለት ነው» ይሉ ነበር። ለሚስታቸውም የተናዘዙት ይችን ብቻ ነው። መሬቱን መልሱልኝ አላሉም። በሩን ነው ያሉት።

ቆይ፣ ይሄ አውሮፕላን ይለፍ... ደግሞ ዝቅ ብሎ ነው የሚያልፈው። ቦሌ የሚያርፍ ሁሉ በኛ ጣሪያ ላይ ነው ዝቅ የሚለው... አለፈ።

ትናንት ሆስፒታል ዐረፉ። ልጃቸው ባይሳ ዕንባውን ሳይጠርግ ወደዚያ ሰው ቢሮ ሄደ። እኔም አብሬው ነበርኩ። ሳጥኑ ደረጃ አይወጣም፤ የኛ ደረጃ ሶፋ እንኳ በስንት መከራ ነው የሚያሳልፈው። ስለዚህ ነገ ቅዳሜ ነው፣ ሥራ የለም፣ ሽኝቱን ኮሙናል እናድርግ፣ ወደ ቤተ ክርስቲያን እስክንሄድ ብቻ ይክፈቱልን አልን። አቀባበላቸውን ብታዪ! ከወንበራቸው ተነሥተው ቆሙ። «ነፍስ ይማር» አሉ። አስቀመጡን። ከዚያ መመሪያውን በትዕግሥት አስረዱን፣ ሕፃን ፊደል እንደሚያስቆጥሩ። አዳራሹን ለሌላ ጉዳይ የሚፈልግ ሰው ከአምስት የሥራ ቀን በፊት ማመልከቻ ያስገባል። ያውም ባለጉዳዩ ራሱ ቀርቦ።

እና ጥፋቱ የማን ነው ትያለሽ? የአባባ ቢቂላ ነዋ! ሰው እንዴት ሳያመለክት ይሞታል? እንደ ሠለጠነ ሰው ቀደም ብለው መጥተው፣ ወረፋ ይዘው፣ «ዐርብ ለመሞት አስቤያለሁና ትብብር ይደረግልኝ» ቢሉ ማን ይከለክላቸው ነበር? ገበሬ ስለሆኑ አሠራር አላወቁም። መሬታቸውን የለቀቁ ጊዜ ግን አምስት ቀን ጠብቁ የተባለ ሰው አልነበረም። ያኔ አገልግሎቱ ፈጣን ነበር ይላሉ እማማ ደሪቱ።

ደግሞ ሌላም አሉን። ውስጡ ኮምፒውተር አለ፣ የነዋሪ መረጃ አለ፣ ኃላፊነት ነው አሉን። እውነታቸውን ነው። አባባ ቢቂላ ከሳጥናቸው ተነሥተው ኮምፒውተሩን ተሸክመው ቢሄዱስ? ማን ይጠየቃል? ይሄን ሁሉ አስቀድሞ የሚያስብ ሰው ያስፈልገናል እኮ።

እኔ እንዲህ እቀልድልሻለሁ እንጂ ማኅደርዬ... ከዚያ ስንወጣ ባይሳ ደረጃው ላይ ቁጭ አለና «ለእናቴ ምን ብዬ ልንገራት?» አለኝ። ያን የሚያህል ሰው። ሌሊቱን ሙሉ እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም። ያ ሽማግሌ የሁላችንን ለቅሶ ተቀምጧል፣ የኔን ባል የቀበርን ጊዜ ሦስቱንም ቀን ከዚያች ጥግ አልተነሣም። ለሱ አንድ በር ይጠፋል?... ይቅር። ዛሬ ስለ ደግ ሰው ነው የማወራሽ፣ ጨዋታዬን አላበላሽም።

የሚገርመኝ ደግሞ ለቅሶ አለመቅረታቸው! ሌላው ቢሆን አፍሮ ቤቱ ይውል ነበር። እሳቸው ግን ጠዋት ከሁላችን ቀድመው... ማለቴ ያ ሰው፣ ያ የምነግርሽ። የእማማ ደሪቱን እጅ ይዘው «ምን ይታዘዝ? ምን ላግዝዎት?» አሏቸው። ይሄን የሚጠይቅ ባለሥልጣን የት አለ? እማማ ደሪቱ ዞር ብለው ያንን በር ብቻ አዩት። እሳቸውም አብረው ዞረው አዩት፣ ከዚያ «አይዞዎት» ብለው ትከሻቸውን መታ መታ አደረጓቸው። ማጽናናት ያውቁበታል።

ሰማሽ? አስነጠሱ። እኚህ ከኋላችን ያሉት ሰው... ቲጂ! እስቲ ለተከበሩት ሰው ትኩስ ሻይ አምጪላቸው። ሸራችን ስስ ነው፣ ብርድ እንዳይመታቸው። እሳቸው ቢታመሙብን ማን ይዘጋልናል... ማለቴ ማን ይሠራልናል?

ውይ... ተነሺ፣ ተነሺ። መኪናው መጣ። አስከሬኑ ነው። እማማ ደሪቱን ደግፏቸው እንጂ! ያውልሽ ባይሳ፣ በሩን እያየ ነው... ሳጥኑን የት ያሳርፉት? እዚህ ጭቃው ላይ?

ማኅደር፣ ተነሡ! እኚህ ሰው ተነሡ። እጃቸውን ኪሳቸው ከተቱ... ቁልፍ አወጡ! አየሽ? እኔ ክፉ አፍ ነኝ፣ አፌን ይቁረጠው! ልብ አላቸው ማለት ነው። ለካስ እግዚአብሔር... ቆይ። ወዴት ነው የሚሄዱት? በሩ እኮ በዚህ በኩል ነው...

አሃ። የመኪናቸው ቁልፍ ነው። መግቢያው ላይ አቁመውት አስከሬን የያዘው መኪና መግባት አቅቶታል። ሊያነሡለት ነው።

ይሄም እኮ ቀላል ነገር አይደለም። አባባ ቢቂላ ይሄን ሁሉ መሬት ለኛ ለቀው፣ ዛሬ ለሳቸውም የሚለቅላቸው ሰው ተገኘ፣ የአንድ መኪና ቦታ። ያዢልኝ ጃንጥላውን፣ ሳላመሰግናቸው አይሄዱም።

የኔ ጌታ! እርስዎን ነው፣ እስቲ መስኮቱን ዝቅ ያድርጉልኝ። ኧረ በጭራሽ፣ ስለ እርስዎ አይደለም ስናወራ የነበረው! ቦታ ስለለቀቁልን ልመርቅዎት ነው። እግዚአብሔር ዕድሜ ከጤና ይስጥልን። በሹመት ላይ ሹመት ይጨምርልዎት። ልጆችዎ ይባረኩ። የልጅ ልጅ አይተው፣ ጠግበው ኖረው፣ ቀንዎ ሲደርስ ደግሞ... ዛሬ ለአባባ ቢቂላ ያደረጉላቸውን ሁሉ፣ እግዚአብሔር አንዱንም ሳያስቀር ለእርስዎም ያድርግልዎት። አሜን በሉ እንጂ ጎረቤቶች!... ሰሙ? ድንኳኑ ሁሉ አሜን አለልዎት። እርስዎም አሜን ይበሉ እንጂ የኔ ጌታ... ምርቃት እኮ ነው።