መስኮቴ ሥር የነበረው እንሰት

ስሙኝማ፣ ሶዶ የተከራየኋት ቆርቆሮ ቤት በበጋ ትፋጃለች። «ነፋሱን የከለከለኝ ይሄ ነው» ብዬ፣ አከራዬ ገበያ በሄዱበት መስኮቴ ሥር የነበረውን ትልቅ እንሰት በገጀራ ጣልኩት። ነፋስ ስጠብቅ ፀሐይዋ ዘው አለች! ክፍሉ አላስቀምጥ ብሎኝ ደጅ ቆሜ ሲያልበኝ አከራዬ ደረሱ።

ወላይታ ውስጥ እንሰት የሴቷ ነው፤ ባሏ እንኳ ሳያስፈቅድ አይቆርጥም። እማማ ጉቶውን አዩት። «ዕቃዬን ልሸክፍ?» አልኳቸው። ከጓሮ የእንሰት ችግኝ ይዘው መጡ።

«ቆፍር። ሙቀቱን አልቻልኩም ብለህ መሥሪያ ቤትህን ዝውውር ጠይቀህ የለ?»

«አዎ፣ እማማ።»

«ሰርዝ። ይሄ ጥላ እስኪሆንህ የትም አትሄድም።»

ሰኞ ሰረዝኩ። ችግኙ ትናንት አዲስ ቅጠል አወጣ፤ ለጊዜው ጥላው የሚበቃው ለአንድ ጫማዬ ብቻ ነው።