ከጎሉ ኋላ የነበረው ድምፅ

ልጄ የኮሌጇ የሴቶች የበረዶ ሆኪ ቡድን ግብ ጠባቂ ናት። ጨዋታቸው ሁሌ እዚህ አሜሪካ፣ ሮዝቪል ነርሲንግ ሆም አረጋውያን እየጦርኩ ከምሠራበት ሽፍት ጋር ስለሚጋጭ አንዱንም አላየሁላትም፤ ለዋንጫው ብቻ ኦፍ ወስጄ ሄድኩ። ጥግ ይዤ አንድ ቃል ሳይወጣኝ አየሁ፤ አሸነፉ። ሜዳሊያዋን እንዳጠለቀች መጥታ አቀፈችኝና በእንግሊዝኛዋ፣ «እማ፣ ዛሬ ለምን ዝም አልሽ?» አለችኝ።

«መቼ ተናግሬ አውቃለሁ?»

«ሁሌ ከጎሌ ኋላ፣ ሜዳውን ከከበበው መስታወት ጀርባ ቆመሽ በአማርኛ ‹ቀኝ፣ ግራ› ትይኝ የለ? ከሥራ ሾልከሽ ስትመጪ የማላውቅ መሰለሽ? እዚህ ያደረስሽን እኮ አንቺ ነሽ።»

መስታወቱን ዞሬ አየሁት፤ ማንም የለም።

«ጉሮሮዬን አሞኝ ነው» አልኳት። እውነቱን ብነግራት ከእንግዲህ ለዚያ መስታወት ጀርባዋን ሰጥታ እንዴት ትቆማለች?