ማህሌት የት ትውለድ?

ወይዘሮ አሰለፈች በአቃቂ ባቡር ጣቢያ ሰፈር አንደበታቸው የታወቀ ሴት ናቸው። የሰፈሩ ሴቶች የአንድ ለአምስት ቡድን መሪም እሳቸው ናቸው። በየስብሰባው ተነስተው፣ «እህቶቼ፣ ቤት ውስጥ መውለድ ድሮ ቀረ! ምጥ ሲጀምራችሁ ወደ ጤና ጣቢያ!» ሲሉ ቤቱ በጭብጨባ ይሞላል። እንግዲህ እኚህ ሴት ናቸው፣ አንድ ሐሙስ ጠዋት ከሊል ሱቅ ደጃፍ ቆመው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «አንድ አዲስ ምላጭና ነጭ ክር ስጠኝ» ያሉት።

ባለሱቁ ከሊል ጨዋታ ይወዳል። «ባለቤትዎ ጋሽ ቀናው ፂም አሳደጉ እንዴ?»

«አንተ ምን አገባህ? ስጠኝ እንጂ!»

ከኋላቸው የስልክ ካርድ ልትገዛ የቆመችው ሲስተር ጋዲሴ ነበረች። ጋዲሴ ቤት ለቤት እየዞረች እርጉዝና አራስ የምትጎበኝ ነርስ ናት፤ የቱሉ ዲምቱው ገበሬ የአቶ ፈየራ ልጅ። ወይዘሮ አሰለፈች በስብሰባ ላይ የሚናገሩትን ትምህርት ያስተማረቻቸውም እሷው ናት። ምላጭና ክር አብረው የሚገዙበትን ምክንያት ለማወቅ መቼም ነርስ መሆን አያስፈልግም። እትብት መቁረጫና ማሰሪያ ነው።

«እትዬ አሰለፈች፣ ማህሌት መጥታለች ማለት ነው?»

ወይዘሮ አሰለፈች ዋሽተው ሊያልፉ አሰቡ፤ ውሸቱ ግን እምቢ አላቸው። «መጥታለች። የመጀመሪያ ልጅ እናት ቤት ነው የሚወለደው፤ ወጉ ነው። ባሏ ብሩህ ትናንት ከኮንዶሚኒየም አምጥቶ አስረክቦኝ ሄደ። ከጠዋት ጀምሮ ወገቧን ወገቧን እያላት ነው።»

«ባለፈው እሑድ ‹ቤት መውለድ ድሮ ቀረ› ያሉት እርስዎ አይደሉም እንዴ?»

«ብያለሁ።»

«ታዲያ?»

«ያልኩት ለሴቶቹ ነዋ! ማህሌት ልጄ ናት እንጂ ሴቶቹ ናት?»

ይህን ብለው፣ ምን ማለታቸው እንደሆነ ለራሳቸውም ግራ ገባቸው። መቼም ምክር ለጎረቤት ሲሆን ከአፍ ይወጣል፤ ወደ ገዛ ቤት ሲመለስ ነው ደጃፍ ላይ የሚደናቀፈው። ሁለቱ ሴቶች ቁልቁለቱን እየወረዱ ክርክሩን ቀጠሉ።

«ደም ቢፈሳትስ እትዬ? እንግዴ ልጁ አልወጣም ቢልስ?»

«እኔ አራቱንም የወለድኩት እዚያው ጓዳ ነው። አንዷ ወገቤን ይዛ፣ አንዷ ላቤን እየጠረገች፣ ሌሎቹ ‹ማርያም፣ ማርያም› እያሉ። ማርያም ምጥ ከያዛት ሴት አትለይም።»

«ታዲያ ማርያም ጤና ጣቢያ በር ላይ ካርድ አምጪ ተብላ ትመለሳለች እንዴ?»

ወይዘሮ አሰለፈች ሳቃቸው አመለጣቸው፤ ወዲያው ግን ፊታቸው ጠቆረ። «እሷማ አትመለስም። የምመለሰው እኔ ነኝ።»

ቆም አሉ። «አምና የልጄ ሚስት ሊዲያ ስትወልድ በር ላይ አስቀሩኝ። በመስኮቱ በኩል ‹እማማ፣ የት ሄዱ?› ስትል እሰማታለሁ። ዘበኛው ‹ዝም በሉ› አለኝ፤ እኔም እንደ ሞኝ ዝም አልኩ። ልጁ በሰላም ተወለደ፣ እሷም ዳነች፤ ምን ጎደለ ትይኛለሽ። ድምፅዋ ግን ከጆሮዬ አልወጣም። ከዚያ ወዲህ ሴቱን ሁሉ ‹ሂዱ› ስል እውነት ልናገር፣ ልዋሽ፣ አላውቀውም። አንዴ እንዲህ ነው እላለሁ፣ አንዴ እንዲያ።»

ጋዲሴ ክንዳቸውን ይዛ ቁልቁለቱን አብራቸው ወረደች።

ቤት ሲደርሱ ማህሌት የጓዳውን መቃን ይዛ እያቃሰተች ነው። ምጡ በየአሥር ደቂቃው ይመጣል።

«ልበሺ፣ እንሂድ» አለች ጋዲሴ።

«የትም አትሄድም፤ እዚሁ ትወልዳለች» አሉ እናቷ።

ማህሌት ምጡ እስኪያልፍላት ጠብቃ ቀና አለች። «እኔን የሚጠይቅ ጠፋ? እማዬ አጠገቤ እንድትሆን እፈልጋለሁ። ደም ቢፈሰኝ ደግሞ የሚያስቆምልኝ ሰው እፈልጋለሁ። አንዱን ምረጪ አትበሉኝ፤ አሁን ለመምረጥ አቅም የለኝም።»

«ማዋለጃ ክፍል ቤተሰብ አይገባም፤ ደንብ ነው» አለች ጋዲሴ።

«የት ተጽፏል?» አሉ ወይዘሮ አሰለፈች።

ጋዲሴ አራት ዓመት ስትናገረው የኖረችውን ደንብ አንድም ቀን አንብባው አታውቅም። ስልኳን አወጣችና ፈቀደ ለሚባለው የጤና ጣቢያው አዋላጅ ነርስ ደወለች። «ፈቀደ፣ ወላድ ሰው ይዛ አትገባም የሚለው ደንብ የት ነው የተጻፈው?»

ፈቀደ በስልኩ መለሰ። «ተጽፎስ አላየሁም። እኔ ስመጣ እንዲህ ነበር የሚሠራው።»

ጋዲሴ ይህንኑ ስትነግራቸው፣ «አየሽ?» አሉ ወይዘሮ አሰለፈች እጃቸውን እያወናጨፉ። «እኔ ወግ ስይዝ ኋላ ቀር ተባልኩ። የእናንተስ ወግ አይደለም? ጋዋን ስለለበሰ ነው?»

የተማረ ሰው እውነት ሲነገረው መቀበል ያስከብረዋል እንጂ አያዋርደውም። ጋዲሴም ተቀበለች። «ልክ ነዎት፣ እትዬ። እንግዲያው ሁለታችንም እንልቀቅ። እርስዎ ጓዳውን ይተዉልኝ፤ በሩን እኔ አስከፍታለሁ።» ወደ ስልኩ ተመልሳም ከፈቀደ ጋር ብዙ ተሟገተች። በመጨረሻ ፈቀደ፣ «አንድ ሰው ብቻ፤ እጃቸውን በሳሙና ታጥበው፣ ጋዋን ለብሰው» አለ።

«አዋላጁ ወንድ ነው እንዴ?» አሉ ወይዘሮ አሰለፈች።

«ወንድ ነው።»

«በሉ እንግዲህ፣ ዛሬ የማላየው ጉድ የለም!»

በባጃጅ ወጡ። ወይዘሮ አሰለፈች መንገዱን ሙሉ አንዴ «ተመለስ» ሊሉ ሲያስቡ፣ አንዴ «ፍጠን» ሲሉ፣ ባጃጁ ደረሰ።

ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ ሴት ልጅ ተወለደች። ወይዘሮ አሰለፈች የልጃቸውን እጅ እንደያዙ «ማርያም፣ ማርያም» ሲሉ ማንም ዝም በሉ አላላቸውም። ፈቀደ ወዲያው ማህሌትን ጭኗ ላይ ደም መፍሰስ የሚከላከለውን መርፌ ወጋት፤ እንግዴ ልጁም ወጣ። ወይዘሮ አሰለፈች እልልታቸውን ሊያቀልጡት ሲሉ ግን ደሙን አዩ። ደሙ አልቆመም።

እንዲህ ያለ ደም ከዚህ በፊት ያዩት አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ሳሉ፣ በታላቅ እህታቸው። ያኔም ጎረቤት ሁሉ ከቦ ነበር። ያኔም «ማርያም፣ ማርያም» ተብሏል። እህታቸው ግን አልተረፈችም። ከዚያ በኋላ በቤታቸው ስለዚያ ቀን ያነሳ ሰው አልነበረም፤ እሳቸውም የረሱት ይመስላቸው ነበር።

ፈቀደ የማህሌትን ሆድ በመዳፉ አጥብቆ ያሽ ጀመር። «ግሉኮስ አምጡ! ሌላ መርፌ!» አለ። ማህሌት ፈርታ ልትነሳ ስትል፣ «አለሁ ልጄ፣ አለሁ። የሚልሽን ስሚ» አሏት እናቷ። ተኛች። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ደሙ ቀነሰ፤ ቀስ እያለም ቆመ።

ወይዘሮ አሰለፈች ወንበር ላይ ተቀመጡ። ጋዲሴ ውሃ ይዛ ገባች።

«ጓዳ ብትሆን ሞታብኝ ነበር» አሉ።

«እንዲያ አይበሉ፣ እትዬ።»

«እላለሁ እንጂ! አንቺ ስታስተምሪኝ ቃልሽን ያዝኩ፤ ዛሬ ነው የገባኝ። ለእህቴ ሰው ሞልቶላት ነበር፤ መርፌ አልነበረም። ሊዲያ መርፌው ነበራት፣ ሰው አጣች። እናት አጠገቧ እንደምትሆን ያወቀች ልጅ ጓዳ አትደበቅም፤ ምጥ ሲጀምራት ሳትዘገይ ትመጣለች። በጊዜ ከመጣች ደግሞ ደሟን የሚያስቆም አለላት። ይህን ንገሩን እንጂ ‹ሂዱ፣ ሂዱ› ብቻ ምን ያደርጋል?»

«ለአለቆቼም ይህንኑ እነግራለሁ» አለች ጋዲሴ።

ወይዘሮ አሰለፈች ሕፃኗን ታቅፈው፣ ወሬውን ሰምተው ለመጡት ለጋሽ ቀናውና ለብሩህ ሊያሳዩ ወደ ኮሪደሩ ወጡ። ከሌላኛው ክፍል በር ሥር አንዲት እናት ጆሮዋን መዝጊያው ላይ ለጥፋ ቆማለች፤ ስሟ አዚዛ ይባላል። ከውስጥ ልጇ ትጮኻለች።

«ምን ትሠሪያለሽ እዚህ?» አሉ ወይዘሮ አሰለፈች።

«አይገባም አሉኝ።»

ወይዘሮ አሰለፈች ሕፃኗን ለአባቷ ሰጡና የለበሱትን ጋዋን ማውለቅ ጀመሩ። «ነይ፣ ይህን ልበሺ።»

«እማማ! ያንን አይደለም» አለ ፈቀደ ከኋላቸው። ወይዘሮ አሰለፈች ለጠብ ተዘጋጅተው ዞሩ። ፈቀደ ወደ አዚዛ እያየ፣ «ንጹሕ ጋዋን አለ» አለ። «መጀመሪያ ይታጠቡ፤ ሳሙናው እዚያ ነው።»