የውሸት ፍቺ

ካናዳ፣ ቶሮንቶ ውስጥ ወደ ሬክስዴል በሚሄደው ባስ ላይ ከኋላዬ ሁለት ሴቶች ተቀምጠዋል፤ አንዷ ትልቅ ሴት ናቸው፣ ወጣቷ ታለቅሳለች።

«ልጅሽን በሽታው አሁንም ይጥላታል?»

«ኧረ የማሪዋናውን ዘይት ከጀመረች ወዲህ ትቷታል፣ ሀጂያ።»

«አልሐምዱሊላህ! አሜሪካ እያላችሁ ለምን አልሰጣችኋትም?»

«የነበርንበት ስቴት ክልክል ነዋ! ለሱ ብለን አይደል እኔና እሷ ወደዚህ ሙቭ ያደረግነው። አባቷ እዚህ ሥራ እስኪያገኝ እዚያው ቀረ።»

«ተፋታን አላልሽኝም እንዴ?»

«ውሸቴን ነው። ለልጇ ሀሺሽ ልታጠጣ ሄደች እንዳይሉኝ ፈርቼ ለሰው ሁሉ ተፋታን አልኩ። እሱም እሺ ብሎኝ ነበር።»

«ታዲያ ምን ያስለቅስሻል?»

«ሞተ፣ ሀጂያ። ትናንት ሞተ፣ ትናንትናውኑ ቀበሩት። የሰማሁት ዛሬ ነው።»

«ኢናሊላሂ! እንዴት ሳይነግሩሽ?»

«ወንድሙ ጋ ኮል ባደርግ ‹ተፋታን ብለሽ የለ፣ አሁን ምን አገባሽ?› አለኝ።»

«እውነቱን ንገሪያቸዋ!»

«ማን ያምነኛል? የሚመሰክርልኝ እሱ ብቻ ነበር።»

ዞር ብዬ «አላህ ይዘንለት» ልላት ፈለግሁ፤ ምስጢሯን መስማቴን እንዳታውቅ ብዬ ግን አልዞርኩም።