«ልጸልይበት» ያለው መምህር

ጥሩነሽ ከጉኑኖ መጥታ ሶዶ ገበያ ዳር ካለው የዘይነባ ሱቅ ሳሙና ስትገዛ፣ ከኋላዋ «ጌታ ይባርካችሁ» የሚል ድምፅ ሰማች። አወቀችው። የልጇ የሩት የፊዚክስ መምህር ነው፤ ለክረምት ምርምር የድጋፍ ደብዳቤ ለምናው ሳይልክ ቀኑን ያሳለፈባት። ዞር ግን አላለችም፤ ፊቷን ወደ ባለሱቋ እንዳደረገች ወሬዋን ቀጠለች።

«ዘይነባዬ፣ ዝናቡ እንዴት ይዟችኋል? እኛ ጋ የቦዬ ማሳው ውሃ ጠግቧል… ሩትም ደኅና ናት፣ ከእኔው ጋር ናት። አዲስ አበባ መሄዷ ቀረ። ስለ ብርሃን፣ ስለ ሌዘር ምናምን ነበር ክረምቱን የሚመራመሩት። ጓደኞቿ ሄዱ። እሷ ቦዬ ትኮተኩታለች… እሱስ ፊዚክስ አይደል? መሬት ወደ ታች እንደምትስብ ወገቧ ነግሯታል።

ለምን ቀረ አትይኝም? የድጋፍ ደብዳቤ የሚጽፍላት መምህር እጅግ መንፈሳዊ ሰው ሆኖ ነው። ሌሎቹ መምህራንማ ምን አላቸው? ተማሪ ሲለምናቸው እዚያው ስልካቸው ላይ ጽፈው ይልካሉ… ችኩሎች! እሱ ግን «ልጸልይበት» አላት። ለሰው ልጅ እንዲህ የሚጨነቅ ስንት አለ? ደጋግማ ሄደች። «ገና እየጸለይኩበት ነው» አላት። የማመልከቻው ቀን አለፈ… እሱ ከጸሎቱ አልተነሳም። ትጋት ማለት ይሄ አይደለም?

የቸኮለ አፍሶ ይለቅማል ይባል የለ? እሱ ምንም አላፈሰሰም… የሚለቀምም የለም። እንቁላልም ቀስ በቀስ በእግሩ ይሄዳል ይላሉ፤ እሱ እጅ የገባ እንቁላል ግን ምን በወጣው ይሄዳል? ተንከባክቦ ያስቀምጠዋል እንጂ። ደመወዙን ግን ሳይጸልይበት ይቀበላል አሉ… ውሸት ነው፣ እኔ አላመንኩም።

ሩትማ አልቅሳ አልቅሳ ዓይኗ አበጠ። የሦስት ዓመት ልፋቷ ነበር። ተቆጣኋት። ሰውየው ከጌታ ጋር እየተነጋገረ አንቺ ምን ያጣድፍሻል? አልኳት።»

ከኋላዋ ጉሮሮ ሲጠረግ ተሰማ። ጥሩነሽ ሳሙናውን ዘንቢሏ ውስጥ አስገባች።

«እኔ ምንም ቂም የለኝ። እሱም ወላጅ ነው፤ የበኩር ልጁ ዘንድሮ ዩኒቨርሲቲ ይገባል አሉ፣ ጎበዝ ነው አሉ። ጌታ ይባርክለት! እዚያ ሲደርስም ልክ እንደ አባቱ ያለ፣ ልክ እንደ አባቱ የሚጸልይለት መምህር ይስጠው… አሜን በይ እንጂ፣ ዘይነባዬ።»