አቶ ቃለጽድቅ መድኃኒቱን በውሃ አልበረዙም

አቶ ቃለጽድቅ ዓምደሚካኤል ከአባታቸው ከአቶ ዓምደሚካኤል ወልደሰንበትና ከእናታቸው ከወይዘሮ አስካለ ተሰማ በ1948 ዓ.ም. እዚሁ አራዳ ተወለዱ። ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስም አምስት ኪሎ አካባቢ ከሚገኝ ትምህርት ቤት ገብተው አሥራ ሁለተኛ ክፍልን አጠናቀዋል፤ ከትምህርት ሁሉ ባዮሎጂን አብልጠው ይወዱ እንደነበር የሚመሰክሩ የክፍል ጓደኞቻቸው እዚህ ድንኳን ውስጥ ተቀምጠዋል።

በወጣትነታቸው በየገጠሩ እየዞሩ የወባ ትንኝ ማጥፊያ ሲረጩ ቆይተው፣ ወደ ፒያሳ ከተመለሱ በኋላ የራሳቸውን መርጫ ገዝተው በየሆቴሉና በየመኖሪያ ቤቱ ትኋን በማጥፋት ሥራ ተሰማሩ። በ1979 ዓ.ም. ከወይዘሮ ሓዳስ ካሕሳይ ጋር በተክሊል ተጋብተው ኤደንንና ዳናይትን አፍርተዋል። ይህን የማነበው እኔ የወይዘሮ ሓዳስ ወንድም መሓሪ ነኝ።

ከዚህ ቀጥሎ ያለውን የዕድራችን ዳኛ እንድዘለው መክረውኝ ነበር። አልዘለውም።

ከሃያ ዓመት ወዲህ ትኋኑ በመድኃኒት አልሞት አለ፤ ሰፈሩም ምክንያቱን ለማግኘት አልተቸገረም፤ ቃለጽድቅ መድኃኒቱን በውሃ እየበረዘ ይረጫል ተባለ። ይህን ቃል መጀመሪያ ያወጣሁት እኔ ነኝ፤ ቴዎድሮስ አደባባይ አጠገብ ከነበረችኝ ባለ ስምንት አልጋ ፔንሲዮን በእንግዶች ፊት ያባረርኋቸውም እኔ ነኝ። ወሬውን ከካፌ ካፌ ያዳረሳችሁት ግን እናንተ ናችሁ።

የሚራሩላቸው ጥቂቶች ደግሞ ትኋኑ መድኃኒቱን ለምዶት ነው ይሉ ነበር፤ እርሳቸውን ከስድቡ ይበልጥ የሚያናድዳቸውም ይኸው ነበር። አንድም ትኋን ምንም አልለመደም፣ በየርጭቱ ብዙው አለቀ፣ ከፍጥረቱ መድኃኒት የማይበግረው ጥቂቱ ተረፈ፣ የተረፈው ወለደ፣ ልጆቹም እርሱን መሰሉ፣ ይኸው ሲደጋገም ቤቱን የማይሞቱት ሞሉት እያሉ በዕድር ስብሰባ ላይ ሳይቀር ተነሥተው አስረድተዋል። እኛም ጋሽ ቃለጽድቅ ትኋኑን ለዲግሪ አበቁት እያልን ስንሥቅባቸው ከረምን።

እርሳቸው ግን ከእኔ ፔንሲዮን የለቀሟቸውን ትኋኖች በአንድ ብልቃጥ፣ መድኃኒት ተረጭቶ ከማያውቅ የገጠር ቤት ያስመጧቸውን በሌላ ብልቃጥ አድርገው፣ በገዛ ክንዳቸው ደም እየመገቡ ሁለቱንም ለየብቻ አራቡ። መጥታችሁ እዩ ብለው ቢለምኑ የሄደ የለም፤ ሥራውም ከእጃቸው ወጣ፤ ለዓመታት የማጉት መርዝም ሳንባቸውን ጎድቶ አልጋ ላይ ጣላቸው።

ባለፈው ሐሙስ ጠዋት ልጠይቃቸው ብሄድ፣ እሽጉ ያልተነካ መድኃኒት በእጄ አስከፍተው ሁለቱም ብልቃጥ ላይ እኩል አስረጩኝ። ከሰዓት በኋላ ተመልሼ ሳይ የገጠሮቹ አልቀዋል፤ የእኔዎቹ ይሄዳሉ። ይቅርታ ለመንኋቸው፤ ይቅርታውን በሰፈሩ ፊት ጠይቀኝ አሉኝ። እኔም የዕድሩ ስብሰባ እሑድ ስለሆነ ያን ጊዜ እናገራለሁ ብዬ ቀጠርኋቸው። አቶ ቃለጽድቅ በተወለዱ በስድሳ ዘጠኝ ዓመታቸው ትናንት ቅዳሜ ማለዳ ዐረፉ። ዛሬ እሑድ ነው፤ የቀጠርኋቸውም ስብሰባ ይኸው ሆነ።

ባለቤታቸውን ወይዘሮ ሓዳስን፣ በትምህርት ቤት የበራዡ ልጆች እየተባሉ ያደጉትን ኤደንንና ዳናይትን፣ እንዲሁም አንድ የልጅ ልጅ ትተው ሄደዋል። እኛ የነፈግናቸውን አመኔታ እግዚአብሔር ይስጣቸው፤ ነፍሳቸውንም ከደጋጎቹ ጋር ያሳርፍልን። አሜን የምትሉ ሁሉ፣ አስቀድማችሁ መድኃኒቱ ውሃ አልነበረበትም በሉ።