ገለታ እጅ ሲነሳ

— ሄሎ?... አቤት፣ ሱቅ ነው... ማን ልበል?... ዓምሃ! አንተ ቦክሰኛ! ከናዝሬት ነው?... ጮክ በል፣ መስመሩ ይንጫጫል።

— እማማ ወለተማርያም፣ አንዴ ይታገሱኝ፣ ጨውዎን አሁን እሰጥዎታለሁ።

— እዚያ ድረስ ተሰማ?... አዎ፣ ትናንት፣ በቀበሌው አዳራሽ ግጥሚያ ነበር... ገለታን፣ አዎ፣ ወፍጮ ቤት ጆንያ የሚያወርደውን ትግለኛ... በአንድ እርግጫ።

— ተው እንጂ። ካራቴ ከቦክስም ከትግልም ይበልጣል እንዳትለኝ... ተው አልኩህ! ስንት ዘመን ስንከራከር እምቢ ያልክ ሰውዬ፣ ዛሬ ታምንልኛለህ?

— እ... እንዴት ልበልህ። እኛ ከመግጠማችን በፊት ጎንበስ ብለን እጅ እንነሳለን አይደል? እጅ ነሳሁ። ገለታ ካራቴ የት ያውቃል! ሰላም ያልኩት መስሎት ኮፍያውን አወለቀና ከኔ ይበልጥ ዝቅ አለ...

— አዎ። ያኔ ነው የመታሁት።

— እግሬን ሊይዘኝ መስሎኝ ነው... ለሰው ሁሉ ያልኩት እንደሱ ነው... ሄሎ? ትሰማኛለህ?... ውሸቴን ነው። ኮፍያው በእጁ ነበር። «ደህና ነህ ወይ» እያለኝ ነበር። ኮፍያ ይዞ የሚታገል ሰው አይተሃል?

— ፈርቼ ነዋ! ባለፈው ለጨዋታ ወገቤን ይዞ እንደ ጆንያ ነው ብድግ ያደረገኝ። እሱ አንዴ ከያዘህ ካራቴህም ቦክስህም የለም። የካራቴ ተማሪዎቼ ፊት እንዲያነሳኝ አልፈለግኩም፣ በቃ።

— መንጋጋውን። ጳውሎስ ሆስፒታል ወስደውት በፋሻ አስረውለታል... እኔማ በየት ፊቴ ሄጄ ልጠይቀው? ጓድ ሊቀመንበሩ «የቀበሌያችን ጀግና» ብለው አስጨበጨቡልኝ፣ እኔም ቆሜ ተጨበጨበልኝ። ወላሂ አፈርኩ፣ ዓምሃ። ጉለሌ ሙሉ «ያሕያ፣ ያሕያ» ሲል መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

— አይሻ፣ ምን ታንሾካሹኪያለሽ?... ሽማግሌ? እኔ ዘንድ?

— ዓምሃ፣ እህቴ ናት። ገለታ ሽማግሌ ይዞ በር ላይ ቆሟል አለችኝ... ሊከሰኝ ነዋ። ይክሰሰኝ፣ ይገባኛል።

— ምን?... እስቲ ድገሚልኝ፣ አይሻ...

— ሄሎ... አለሁ፣ አለሁ። ይቅርታ ሊጠይቀኝ ነው የመጣው... እኔን! አፉ ስለታሰረ በሽማግሌ አስነግሮ፤ «ሰላም ስለው ምን አጥፍቼ እንዳስቆጣሁት አላውቅም፣ ይቅር ይበለኝ» ነው የሚለው።

— አይሻ፣ እንዳታስገቢያቸው። እኔ ልውጣና ሰፈሩ ሁሉ እያየ ጎንበስ ብዬ ይቅርታ ልጠይቀው...

— ልዝጋው፣ ዓምሃ።